የማቀዝቀዣ ሰደርያው ለአሽከርካሪው ምርጫ ሊተው አይገባም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ፎርሙላ ዋን በወጣው ጽሑፍ፣ አሽከርካሪዎች በቱታቸው ሥር የሚለብሱት የማቀዝቀዣ ሰደርያ እንደ ቅንጦት መቅረቡ አሳዝኖኛል። እኔ ዱባይ ውስጥ የውድድር መኪኖችን በሚያዘጋጅ አንድ ጋራዥ በመካኒክነት የምሠራ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ይህንኑ መሣሪያ በእጄ እየገጠምሁ ስለኖርሁ፣ ነገሩ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ መሆኑን አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 8 ቀን 2023 ኳታር ውስጥ በሉሳይል የተካሄደውን ውድድር ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያሻውም። ውድድሩ የምሽት ስለነበር ፀሐይ እንኳ አልነበረችም። ጎማዎቹ አደጋ እንዳያስከትሉ አንድ ጎማ ከ18 ዙር በላይ እንዳይሄድ በመወሰኑ፣ ጎማ ለመቆጠብ ብሎ ፍጥነት የሚቀንስ አልነበረም፤ 57ቱ ዙር ያለ ፋታ የተነዳ ነው። ኤስቴባን ኦኮን ሄልሜቱ ውስጥ አስታወከ፤ ሎጋን ሳርጀንት ሕመሙ ስለጠናበት ውድድሩን አቋረጠ፤ ላንስ ስትሮል ደግሞ በፈጣን ኩርባዎች ላይ ዓይኑ ይጨልምበት እንደነበር ተናገረ። እነዚህ ለዚህ ሥራ ሲሉ ሰውነታቸውን ዓመቱን ሙሉ የሚያሠለጥኑ ወጣቶች ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰው ገላ የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው። አሽከርካሪው ግን እሳት ከሚቋቋም ጨርቅ የተሠራ የውስጥ ልብስ፣ በላዩ ድርብርብ ቱታ፣ ጓንትና ሄልሜት አድርጎ ከሞተር፣ ከካምቢዮና ከማርሚታ በሚመጣ ሙቀት ተከቦ ስለሚቀመጥ፣ ላቡ ይፈስሳል እንጂ አይተንም፤ ሰውነቱ ውሃ ያጣል፣ ሙቀቱ ግን አይወርድም።

መሣሪያው፣ በተለይ እኛ በዝግ መኪኖች ላይ የምንገጥመው ዓይነት፣ ሲታይ ቀላል ነው፤ በረዶና ውሃ የያዘ ሳጥን፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ፣ ሁለት ቱቦ፣ ደረትና ጀርባው ላይ ቀጫጭን ቱቦ የተሰፋበት ልብስ ነው። ጉዳዩ ያለው አገጣጠሙ ላይ ነው። ሳጥኑ ከወለሉ ጋር በቡሎንና በቀበቶ ካልታሰረ፣ በግጭት ጊዜ ተነሥቶ አሽከርካሪውን ይመታል። የቱቦው ማገናኛ የአሽከርካሪው እጅ የሚደርስበት፣ ሲሳብ ወዲያው የሚለቅ፣ ከለቀቀም በኋላ ውሃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት፤ መኪና እሳት ሲይዝ ቱቦ ለመፍታት የሚባክን ሰከንድ የለም። ውሃው ከልክ በላይ ቢቀዘቅዝም አይበጅም፤ የቆዳ ደም ሥሮች ይጠቡና ሙቀቱ ከውስጥ እንዳይወጣ ያግዳሉ። በረዶው ቀልጦ ካለቀ ደግሞ ያው ልብስ የሞቀ ውሃ ተሸክሞ ገላን ያፍናል፤ ስለዚህ በረጅም ውድድር አሽከርካሪ ሲቀየር በረዶውም ይቀየራል።

እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት አልደብቅም። ከዓመታት በፊት በአንድ የጥቅምት ልምምድ፣ መንገድ ለማሳጠር ብዬ ቱቦውን ማርሚታው በሚያልፍበት ወለል ላይ ያለ መጠቅለያ አሳለፍሁት። በረዶው ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ፣ ልብሱ ዘንድ የሚደርሰው ውሃ ግን ሞቆ ነበር። አሽከርካሪው ከጥቂት ዙር በኋላ ማገናኛውን ነቅሎ ገባ። ፊቱ ቀልቶ፣ የጠየቅነውን ቶሎ መመለስ ሲያቅተው ያየሁትን ዕለት አልረሳውም፤ ያ ሰው ከደቂቃ በፊት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዳ ነበር።

ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ከኳታር በኋላ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ፣ ሙቀቱና የአየሩ እርጥበት አብረው ተሰልተው ከ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚሆኑ ሲተነበይ የሙቀት አደጋ ይታወጃል፤ ለመሣሪያው ተብሎም መኪናው በደንቡ ሊያንስበት የማይገባው ዝቅተኛ ክብደት በ5 ኪሎ ግራም ይጨመራል። አዋጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በዚያው ዓመት በሲንጋፖር ነው። ይሁን እንጂ ልብሱን መልበስ ለአሽከርካሪው ፈቃድ ተተወ፤ የማይለብስ ግማሽ ኪሎ ክብደት በምትኩ ይጭናል። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ቱቦው ከቀበቶው ሥር ይቆረቁረኛል የሚል ተወዳዳሪ፣ ጤናውን ከፍጥነቱ አስቀድሞ እንዲመርጥ መጠበቅ አይቻልም፤ ቢደክም የሚጎዳውም እሱ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የሚነዳው ጭምር ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዚህ አገር፣ በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት፣ ሠራተኛን ሜዳ ላይ በፀሐይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ሠራተኛውን ትችላለህ ወይስ አትችልም ብሎ አይጠይቀውም። ለውድድር አሽከርካሪዎችም እንዲሁ ሊደረግ ይገባል እላለሁ፤ ጋዜጣችሁም በሚቀጥለው እትሙ ጽሑፉን እንዲያርም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከዱባይ