ለአባባ፣ ስለ ጋራው

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም አባባ። እንደምን ሰነበቱ? የዓይንዎ ሞራ ከተገፈፈልዎት ወዲህ ብርሃን ይወጋዎታል ብላ እህቴ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ይህን እሷ ታንብብልዎት። አንድም መስመር እንዳትዘል ይዘዟት፤ የሚያሳዝነውን መዝለል ልማዷ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እማማም ደህና ናት፤ ጥቁሯ ላም ወልዳለች።

ጋራው ከተቃጠለ ወዲህ በስልክ የሚጠይቁኝ ሁሌ አንድ ነገር ነው፤ «ጽዱ ተረፈ ወይ?» ዛሬ ያየሁትን እንዳለ ልጻፍልዎት። ከእርስዎ የምፈልገው ጉዳይም አለ።

እሳቱ የተነሣው ከሸለቆው ግርጌ ነው፣ በመጋቢት፣ በልጉ ቀርቶ ሣሩ ክው ብሎ ደርቆ ሳለ። ማር ቆራጭ ነው ይላሉ፤ ከሰል አክሳይ ነው የሚልም አለ። ቅሬው፣ የመንደሩ ማኅበር፣ ሰዉን ሰብስቦ ቢጠይቅም በማንም ላይ ያረጋገጠው ነገር የለም፣ እኔም ስም አላነሣም። ቀን ቀን ነፋሱ ከሸለቆው ወደ ላይ ስለሚነፍስ እሳቱ ሽቅብ ጋለበ። ዳገት ሲወጣ ከፊቱ ያለውን ክትክታና አጋም በወላፈኑ አስቀድሞ ያደርቀዋል፤ ሲደርስበት ቦግ ነው። ጎረምሶቹ ዞረን ከአናቱ እንጠብቀው ሲሉ ሽማግሌዎቹ ከለከሏቸው። ደግ አደረጉ፤ ዳገት ላይ እሳትን ማንም ሮጦ አያመልጠውም። ከጎንና ከጎኑ እየገባን በእርጥብ ቅጠል ስንደበድበው ዋልን።

ሌሊት ነፋሱ ተገለበጠ። ቅዝቃዜው ከጋራው ሲወርድ እሳቱም አብሮት ወርዶ ከቤታችን በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባ። ያኔ ነው የፈራነው። የነጭ ባሕር ዛፍ ልጥ እየተላጠ ረጅም ሆኖ እንደሚንጠለጠል ያውቃሉ፤ እሱ እየነደደ በነፋስ ተነሥቶ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ይወድቅ ነበር። ሴቶቹ ጄሪካን ይዘው የሣር ቤቶቹን ሲጠብቁ አደሩ። መስጊዱም ደብሩም በድምፅ ማጉያ ሰው ይጠራሉ፤ ከከተማ ተማሪውና ሚሊሻው በአይሱዙ ተጭኖ ደረሰልን። እንጀራና ቆሎ የማን ቤት እንደሆነ ሳይጠየቅ ይበላ ነበር። በመጨረሻ መንደሩን ያተረፈው ውኃ ሳይሆን ዶማ ነው፤ ሣሩን እስከ አፈሩ ልጠን ሰፊ መስመር ስናወጣ የሚበላው አጥቶ እዚያ ቆመ።

ወደ ላይ የወጣው ግን አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሥር ለሥር ተቀበረ። ከላይ ጠፍቶ መሬቱ ይጨሳል፤ በማግስቱ ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ እንደገና ይነድዳል። በመጋቢት 2011 የተነሣው የሰሜን ተራሮች እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላ ተመልሶ ሲነሣ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች ሲመጡ፣ ሬዲዮውን ይዘው «የጠፋ እሳት ደግሞ እንዴት ይነሣል?» ብለው ነበር። እንዲህ ነው የሚነሣው አባባ። ለእኛ ሄሊኮፕተር የለም፤ ሥር እየቆፈርን፣ በአህያ ውኃ እያመላለስን አፈሰስንበት። የጨረሰው ግን ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ነው።

አሁን ወደ ጽዱ ልምጣ። ከ77ቱ ረሃብ በኋላ በምግብ ለሥራ፣ ለቀን 3 ኪሎ ስንዴና ዘይት እየተሰፈረልዎት የተከሉት፣ በ83 መንግሥት ሲለወጥ ስንቱ ቀበሌ ደኑን ሲጨፈጭፍ እርስዎ ዱላ ይዘው ያስጣሉት፣ ምሥራቅ ምሥራቁ ሞቷል። ጽድ ከነደደ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ ደግመን አንጠብቀው። ከገደሉ ጀርባ ያለው ግን አለ፣ አለቱ ከልሎታል። ወይራውን ሞቷል ብዬ ነበር፤ ሰሞኑን ከግርጌው ቀይ ቀይ ቡቃያ አወጣ። አስታውም ከሥሩ እየመጣ ነው። የክትክታ ዘር ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ቅርፊቱ ስለሚሰነጠቅ፣ አመድ ለብሶ የነበረው ቦታ ሁሉ በቡቃያ ተሞልቷል። ጭላዳዎቹ ተመልሰዋል። ሚዳቋ ግን አላየሁም።

የሚያስፈራኝ ውኃው ነው። ከተቃጠለው አፈር ላይ በጣሳ ውኃ ባፈስስ ሳይሰርግ ተድበልብሎ ወረደ። በሚያዝያ የጣለው ዝናብም ቢሆን ይህን ያህል የሚባል አልነበረም፤ አመዱንና አፈሩን ጠራርጎ አምጥቶ የጎለበተውን ምንጭ በደለል ሞላው። ሐምሌ ሲገባ ምን ሊሆን ነው? ወጣቱ በየቦረቦሩ ላይ የድንጋይ ክትር እየሠራ ነው፣ ግን ጋራው ሰፊ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ቅሬው የተቃጠለውን ሁሉ በባሕር ዛፍ እንሸፍነው የሚል ሐሳብ ይዟል። ሞኝነት ነው አልልም። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አጠና ይሆናል፣ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ጽድ ተክሎ የሚጠብቅ ግን የልጅ ልጁን ነው የሚያስበው። ሆኖም የነደደው ባሕር ዛፍ እኮ ከጉቶው ራሱ ያቆጠቁጣል፤ ከየጓሮው ላይ ያለው ይበቃል። ከምንጩ በላይ ከተተከለ ምንጩን ይጠጣዋል፣ በሥሩም ሣር ስለማያበቅል አፈሩን የሚይዝ ነገር አይኖርም። ያን ሌሊት ልጡ ሲበር ያየ ሰው ደግሞ እንዴት ከቤቱ በላይ ይተክለዋል? እኔ ይህን ስናገር «አስተማሪው ደግሞ ጀመረው» ብለው ይስቃሉ። እርስዎ ከተናገሩ አንድም ሰው አይስቅም።

እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ይከለል፣ ከብትና ፍየል አይግባበት። አሁን ቡቃያው ለስላሳ ነውና ፍየል አንድ ክረምት ከገባችበት ወይራውን ለሁልጊዜ ትጨርሰዋለች። በምትኩ ሰዎቹ ሣሩን እያጨዱ ይካፈሉት፤ ያለ እሱ ክልከላው አይጸናም፣ የድሃ ላም የምትበላው ያስፈልጋታል። ጽድ መትከል ያለብን አፈሩ ከረጋበት ቦታ ብቻ ነው። ለዚያም ዘር እንፈልጋለን። ጽድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነውና ከገደሉ ጀርባ ፍሬ የምታፈራው የትኛዋ እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ፤ ንገሩኝና ለችግኝ ጣቢያው ለቅሜ አደርሳለሁ። ችግኙ ለዚህ ክረምት አይደርስም፣ ለሚመጣው እንጂ።

እርስዎ ራስዎ ልምጣ እንዳይሉ። ሐኪሙ ሳይፈቅድ አቧራ ውስጥ አይገቡም፣ ጠብታዎንም በሰዓቱ ያድርጉ። ቅሬው የሚሰበሰበው አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው። እደውልልዎታለሁና ስልኩን ከፍ አድርጌ መሐላቸው አስቀምጠዋለሁ። ረዘም ካለ ካርድ አለኝ፣ አይቸኩሉ።

በመኪና ቡናና በሶ ልኬያለሁ። በሶው ካምናው ገብስ ነው፤ ዘንድሮ በልግ አላገኘንምና እማማ አዲስ ነው ብለህ እንዳትዋሽ ብላኛለች።

ልጅዎ