ውድ ደንበኞቻችን፣ ኮንትሮል ኤስ አሁን «ሰርዝ» አይደለም

ሰሞኑን የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራማችንን አፕዴት ያደረጋችሁ አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ «ቁልፎቹን ምን ነካቸው?» ብላችሁናል። ልክ ናችሁ፣ የኪቦርድ አቋራጮቹን ቀይረናቸዋል። አስቀድመን መንገር ነበረብን፤ ይቅርታ።

ነገሩ የመጣው ባለፈው ሰኔ 30 ማታ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የዓመቱን ቆጠራ ይሠራ ነበር። ካሸሯ ከሦስት ሰዓት በላይ ስትመዘግብ ቆይታ፣ መብራት ሳይሄድ ልያዘው ብላ ኮንትሮል ኤስ ነካች። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ወዲያው ደወለችልን። «ወንድሜ፣ ሴቭ ነው ያልኩት፣ የት ገባ?» ግማሹን ከባክአፕ አወጣንላት፣ ግማሹን አብረናት አምሽተን ደገምነው።

ጥፋቱ የእኛ ነው። ፕሮግራሙን ስንጀምር ቁልፎቹን የመረጥነው በአማርኛው ቃል መነሻ ድምፅ ነበር። ኤስ «ሰርዝ»፣ ኤ «አትም»፣ ኤፍ «ፈልግ»። ያኔ ጎበዝ የሆንን መስሎን ነበር። ኤፍ እንኳ በዕድል ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ጋር ገጠመ። የቀሩት ግን ወጥመድ ሆኑ። ወርድና ኤክሴል የለመደ ሰው ኮንትሮል ኤስ ሲነካ ቃል አያስብም፤ ጣቱ ራሱ ቦታውን ያውቀዋል።

ይባስ ብሎ የሽያጩን ገጽ የሠራው ልጅ ሴቭን ኤፍ 5 ላይ፣ የስቶኩን የሠራው ኤፍ 9 ላይ አደረጉት። ኤፍ 5 ደግሞ ብሮውዘር ላይ ገጹን እንደገና መጫኛ ነው። እንዴት ይህን ሁሉ ጊዜ እንደታገሳችሁን እንጃ።

በዚህ ትልልቆቹም ንጹሕ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአፕል ኮምፒውተር ማኪንቶሽ ለመቁረጥ፣ ለኮፒና ለፔስት ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ያሉትን ኤክስ፣ ሲ እና ቪ መረጠ። አይቢኤም በ1987 ባወጣው መመሪያ ግን መቁረጫው ሺፍት ከዲሊት ጋር ነበር። ዊንዶውስ ሁለቱንም ይዞ ቀረ። ዛሬም ጽሑፍ መርጣችሁ ሺፍት ዲሊት ብትሉ ቆርጦ ይይዝላችኋል፤ ፋይል መርጣችሁ ብትሉ ግን የተሰረዘ ፋይል የሚቆይበት ሪሳይክል ቢን ሳያስገባ ያጠፋዋል። በደረሰኝ ፋይላችሁ እንዳትሞክሩት ብቻ።

አሁን በሁሉም ገጽ ላይ ኮንትሮል ኤስ ሴቭ፣ ኮንትሮል ፒ ማተሚያ፣ ኮንትሮል ዜድ መመለሻ፣ ኮንትሮል ኤ ሁሉንም መምረጫ ነው። ኤፍ 1 እርዳታ ይከፍታል። «ሰርዝ» አቋራጭ ቁልፍ የለውም። በማውስ ትጫኑታላችሁ፣ እሱም መልሶ ይጠይቃችኋል።

ሌላም ያስተካከልነው አለ። የዕቃ ስም በአማርኛ ስትጽፉ «ኮፒ እምቢ አለኝ» የምትሉን ብዙ ናችሁ። ምክንያቱ ይኼ ነው፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆን የሲ ቁልፍ የሚያወጣው የግዕዝ ፊደል ነው፤ የእኛ ፕሮግራም ደግሞ የላቲኑን ፊደል ይጠብቅ ነበር። ስለዚህ ዝም ይል ነበር። አሁን የሚያየው የተነካውን ቁልፍ እንጂ የወጣውን ፊደል አይደለም። አልት ከሺፍት ጋር ዊንዶውስ ላይ ቋንቋ መቀየሪያ ስለሆነ እሱን ጭራሽ አልነካነውም።

የድሮውን የለመዳችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። «ማስተካከያ» ውስጥ «የቀድሞ ቁልፎች» የሚል ሳጥን አለ፤ ምልክት ብታደርጉበት እስከ መስከረም መጨረሻ ይሠራላችኋል። ከኤስ በስተቀር። እሱን በምንም አንመልሰውም።

የተመዘገበ ሒሳባችሁ አልተነካም፣ ከካሽ ማሽኑ ጋርም ምንም የሚያገናኘው የለም። ሞኒተር ላይ የሚለጠፍ የቁልፎች ዝርዝር አሳትመናል። ሜክሲኮ ያለው ቢሯችን ብቅ ብላችሁ ውሰዱ፣ ካልተመቻችሁ ደውሉና ልጆቹ ሱቃችሁ ድረስ ያመጡላችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የፕሮግራሙ አዘጋጆች፣ አዲስ አበባ