አማካይ ውጤቱን ስትነግሩን የልጆቹንም ነገር ንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ትምህርት ቤት ማወዳደር ይጀምራል። «እዚያኛው ስንት አሳለፈ? የኛው ስንት ጣለ?» ይባላል። ከዚያ የመልቀቂያ ወረፋ ነው። እኔ አዲስ አበባ ካሳንቺስ አካባቢ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ በወላጆች ኮሚቴም አለሁበት። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለከነከነኝ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካይ ይነገራል፤ የተፈተኑት ልጆች እነማን እንደሆኑ ግን ማንም አያነሳም።

ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄደ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ላይ ያደጉ ልጆች ዓመቱ ሳይጋመስ መልቀቂያ ይዘው ወጡ። በእነሱ ቦታ ሌሎች ገቡ። አባታቸው የግንባታ ቦታ ጥበቃ የሆነ አሉ። ዘመድ ዘንድ ሊያድጉ ከገጠር የመጡ አሉ። ጦርነት ሸሽተው የመጡ አሉ። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ከቤተሰባቸው አቅም በላይ የሆነባቸውም አሉ። የትምህርት ቤቱ ስም ያው ነው፣ ግቢው ያው ነው፣ አብዛኞቹ መምህራንም ያው ናቸው። ሮስተሩ ላይ ያሉት ስሞች ግን ሌላ ናቸው። ታዲያ የሁለቱን ዓመት አማካይ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ትምህርት ቤቱ ወደቀ» ማለት ፍርድ ነው እንዴ?

ሰፈር ቀይረው ትምህርት ቤት ያልቀየሩም አሉ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ አውቃለሁ። እናቷ አሁንም ሥራዋ መሀል ከተማ ነው፤ ልጆቿንም ከለመዱት ትምህርት ቤት መንቀል አልፈለገችም። ልጅቷ ከታላቅ ወንድሟ ጋር በታክሲ ትመጣለች። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ከተጨናነቀ በቃ፣ ቀኑ ተበላሸ። ስትደርስ ትምህርት ቤቱ የሚያቀርበው ቁርስ አልቋል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም አልፏል። እሱ ደግሞ አብዛኛውን ቀን አማርኛ ነው። በባዶ ሆዷ ሒሳብ ላይ ትቀመጣለች። ካርዷ ላይ አማርኛ ዝቅ ብሎ ቢመጣ መምህሯ ምን ታድርግ?

አምስተኛ ክፍል ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ የገባ አንድ ልጅ አለ። እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች። የሒሳብ ፈተና ላይ በጽሑፍ የተብራሩትን ጥያቄዎች በሙሉ ባዶ ትቷቸዋል። መምህሩ አስጠርቶ አንዱን ጥያቄ ጮክ ብሎ አነበበለት። «አንድ ኪሎ ሽንኩርት 80 ብር ከሆነ ሁለት ኪሎ ተኩል ስንት ነው?» ልጁ እርሳስ እንኳ ሳያነሳ «200» አለ። ሒሳቡን ያውቀዋል፤ የሚያቅተው ማንበብ ነው። ሮስተሩ ላይ ግን የተጻፈው በሒሳብ እንደወደቀ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ አማካይ ላይ የሚቀነሰውም በሒሳብ ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ እንደሚለው አሥር ዓመት አካባቢ ካሉት የኢትዮጵያ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። በ2017 ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። ነገሩ የተበላሸው ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አይደለም። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ፊደል ለይተው ሳያነቡ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲገፉ።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ወላጆች ግን ሲጎዳን ነው የሚታያቸው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምግብ፣ ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ እየሰጠ ነው። ድሮ በረሃብ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ፣ ከዚያም ውሎ አድሮ የሚቀር ልጅ ነበር። አሁን ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይፈተናል። ድሮ ይህ ልጅ አቋርጦ ስለሚሄድ ከአማካዩ ውስጥ አልነበረም። አሁን ስላለ አማካዩን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ለትምህርት ቤቱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም።

ከግል ትምህርት ቤቶች ጋር የሚደረገው ውድድርማ ገና ከመነሻው የተዛባ ነው። ብዙዎቹ የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ልጆቹ ሦስት ዓመት ኬጂ ተምረው፣ ማንበብ ጀምረው ነው አንደኛ ክፍል የሚገቡት። የፈተናው ዓመት ሲቃረብ ደከም ያለውን ልጅ «ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል» ተብሎ ሲሸኝም አይቻለሁ። የት ይሄዳል? እኛ ጋ ነው የሚመጣው። የኛ በር ለማንም አይዘጋም፤ መዘጋትም የለበትም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅድመ መደበኛ መከፈቱ ልዩነቱን ያጠበዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዛሬ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ካሉት አንዳንዶቹ ግን ከቤት በቀጥታ ነው አንደኛ ክፍል የገቡት።

መምህር አይጠየቅ እያልኩ አይደለም። አርፍዶ የሚገባ አለ፤ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ገልብጡ» ብሎ የሚወጣም አለ። ኮሚቴው ላይ ፊት ለፊት ተነጋግረንበታል። ነገር ግን አማካይ ውጤት ጎበዙን መምህር ከሰነፉ አይለይልንም። የሚለየው የአንድ ልጅ ውጤት ካምናው ዘንድሮ ስንት እንደጨመረ ሲታይ ነው። መስከረም ላይ ፊደል የማይለይ ልጅ ተቀብላ ሰኔ ላይ አንቀጽ ያስነበበች መምህርት፣ ልጁ 45 አምጥቶ ቢወድቅም ትልቅ ሥራ ሠርታለች። ዛሬ በአማካዩ ስትመዘን እንደሰነፍ ነው የምትቆጠረው። ከዚያ ተስፋ ትቆርጣለች፤ ሌላ ትምህርት ቤት ታፈላልጋለች።

ስለዚህ የትምህርት ቢሮን የምጠይቀው ይህን ነው። ውጤት ስታወጡ መስከረም ላይ ከተመዘገቡት ስንቱ ሰኔ ድረስ እንደቆዩ፣ ስንቱ በዓመቱ መሀል እንደገቡ አብራችሁ አውጡ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው የተማሩትን ውጤት ለብቻው አሳዩን። መረጃው በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አለ። በዓመት መሀል ብዙ ልጅ ለሚቀበል ትምህርት ቤት ደግሞ ንባብ ብቻ የሚያስተምር አንድ መምህር ጨምሩ። የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት አይበቃም፤ ከሩቅ የሚመጡት ቅዳሜ አይመጡም።

እናንተም የትምህርት ቤቶችን ውጤት ስትዘግቡ ይህን ጠይቁልን። ወላጆችም መልቀቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ልጃችሁን አንድ ገጽ አስነብቡትና ካምናው ጋር አስተያዩት። ለውጥ ካለ መምህሩን አመስግኑ፤ ከሌለ ኮሚቴው ጋ ኑና አብረን እንጠይቅ።

ከአክብሮት ጋር
የወላጆች ኮሚቴ አባል፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ