የሺቭታው ሥዕል ከመጥፋቱ በፊት፦ ለእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ፊት ነው። ኔጌቭ በረሃ ውስጥ፣ ሺቭታ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ፣ በሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ ስለተሳለው የክርስቶስ ፊት። ሥዕሉ ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። ጨርሶ ሳይጠፋ እንድትደርሱለት እለምናችኋለሁ።

የዕብራይስጡን ቅጂ ወደ ቢሮአችሁ ልኬአለሁ። በአማርኛም ያወጣሁት እዚህ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ከአገር ቤት ለመሳለም የሚመጡ ወገኖቼ ሺቭታን እንዲያውቋት ብዬ ነው። አብዛኛው ተሳላሚ ኢየሩሳሌምን፣ ቤተልሔምንና ዮርዳኖስን አይቶ ይመለሳል። ሺቭታ ግን ከቤርሼባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው።

ለማያውቋት ላስተዋውቃት። የቆረቆሯት ናባጣውያን የተባሉ የጥንት ዓረብ ነጋዴዎች ናቸው። በደንብ የደራችው ግን በባይዛንታይን (በምሥራቅ ሮም መንግሥት) ዘመን፣ በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ነዋሪዎቿ ዝናብ ብርቅ በሆነበት ምድር ከየጣሪያውና ከየመንገዱ የሚወርደውን ውሃ እያጠራቀሙ ወይን አለሙ። የወይን መጭመቂያዎቻቸው ዛሬም አሉ። ሦስት አብያተ ክርስቲያናትም ሠሩ። ከተማዋን ጦርነት አላፈረሳትም፤ ሰው ቀስ በቀስ ለቀቃት። ብዙ ግድግዳ ሳይወድቅ የቆየውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ ከሌሎቹ የኔጌቭ ጥንታዊ ከተሞች ከሃሉጻ፣ ከማምሺትና ከአቭዳት ጋር በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ሄጄ አይቻታለሁ። በጠባቡ መንገድ ስታልፉ ግራና ቀኙ የቤት ግድግዳ ነው። መሃል ከተማው ላይ ሁለት ትልልቅ የውሃ ገንዳዎች ታገኛላችሁ። ከደቡቡ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ ደግሞ መስጊድ አለ። ሲሠራ አጠገቡ ያለውን መጠመቂያ አልነኩበትም። እኔን ያቆመኝ ይሄ ነበር። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን ሲኖር ያየ ወሎዬ እዚያ ቢቆም ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መጠመቂያው ክፍል ውስጥ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ገንዳ አለ። ከበላዩ፣ በግማሽ ክብ በተሠራው ግድግዳ ላይ፣ የደበዘዘ ቀለም ይታያል። መጀመሪያ ቆሻሻ ይመስላል። ጠጋ ብላችሁ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመታው ስታዩት፣ መስመሩ ቀስ እያለ ይለያል። አጭር የተጠቀለለ ጸጉር፣ ረዘም ያለ ፊት፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ቀጭን አፍንጫ። ወጣት ፊት ነው። ከጎኑ ሌላ ተለቅ ያለ ፊት አለ። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ኤማ ማያን-ፋናር ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት ይህ የጌታ ጥምቀት ነው፣ ትልቁም ፊት ዮሐንስ መጥምቅ ሳይሆን አይቀርም ብላለች። እሷም ያገኘችው ብርሃኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲያርፍ ዓይኖቹን አይታ ነው።

በደቡቡ ቤተ ክርስቲያንም ሌላ የደበዘዘ ሥዕል አለ። እሱ የደብረ ታቦሩ ነው፤ እኛ ቡሄ ብለን ችቦ የምናበራለት። ጥምቀትና ደብረ ታቦር! በዓመት ሁለቴ ነጭ ለብሰን የምንወጣባቸው በዓላት በዚህ በረሃ ግድግዳ ላይ ከ1,400 ዓመት በፊት ተስለው ይገኛሉ። ሥዕሎቹ ባይዛንታይን ውስጥ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ማጥፋት ከመጀመሩ በፊት የተሳሉ ናቸው። ከዚያ ዘመን የተረፈ በጣም ጥቂት ነው። ለእኛ ደግሞ ዘመኑ ሩቅ አይደለም። አፄ ካሌብ ከባይዛንታይን ነገሥታት ጋር ይላላክ የነበረበት ጊዜ ነው። ትግራይ ውስጥ የሓ አቅራቢያ በቁፋሮ በወጣችው የአክሱም ዘመን ከተማ በቤተ ሰማዕቲም ከቀይ ባሕሩ ወደብ ከአቃባ የመጡ ማሰሮዎች ስብርባሪ ተገኝቷል።

እንግዲህ ልመናዬ። በረሃ ሁሉን ያቆያል የሚል ሰው አለ። እርግጥ ነው፣ ብራናና ጨርቅ በደረቅ መቃብር ውስጥ ይቆያል። አየር ላይ የተገተረ ልስን ግን ሌላ ነው። ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል። በጤዛና በጥቂቱ ዝናብ የገባው እርጥበት ጨውን ከድንጋዩ እየሳበ ያወጣል። ጨው ሲደርቅ ልስኑን ከሥሩ ይገፋዋል። በመጨረሻ ቅርፊቱ ከነሥዕሉ ይረግፋል።

ስለዚህ በቅድሚያ የልስን ጥገና ባለሙያ ይላክ። የተነቀለውን ጠርዝ ያጣብቅ፣ ያልወደቀው እንዳይወድቅ ያድርግ። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ለዚህ ይዋል።

ከዚያ ጥላ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ። ላሊበላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ትልልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። ለጊዜው ተብሎ ነበር። ዓመታት አለፉ፣ መጠለያው አልተነሣም፤ ክብደቱ ራሱ ሥጋት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ይነሣልን አለ። ከዚህ የተማርነውን እናንተም ተማሩበት። ለሺቭታ የሚሠራው ጥላ ቀላል ይሁን። ግድግዳው ላይ አይደገፍ። ሲተከል የሚነሣበት መንገድም አብሮ ይታሰብ።

ጎብኚውም ምን እንደሚያይ ይነገረው። ሥዕሉ ጎላ ብሎ የወጣበት ፎቶ ያለው ሰሌዳ እዚያው ቢቆም፣ ሰው ዓይኑን ወዴት እንደሚያቀና ያውቃል። አማርኛም ይጻፍበት። ቤርሼባ ውስጥ ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችሉ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ታሪክ ግን በቃላቸው የሚያውቁ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። የልጅ ልጃቸው እስኪያነብላቸው መጠበቅ የለባቸውም። የአማርኛውን ጽሑፍ በነፃ የሚያዘጋጅ ካስፈለገ እኔ አለሁ።

ሥዕሉን የሚያየው ባለሙያ መቼ እንደሚላክ፣ ቀኑን ቆርጣችሁ ብታሳውቁን እናመሰግናለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቤርሼባ ነዋሪ