የመሪ ዘይት በቀለም አይመረጥም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ መኪና አያያዝ ሲጻፍ የሞተር ዘይት ሳይነሳ አይቀርም። የፓወር ስቲሪንግ (የመሪ) ዘይት ግን ቢነሳም «ሲጎድል ይሞላ» ተብሎ ይታለፋል። በምን ይሞላ? ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ጥያቄው ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ብዙ ሰው የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ ቀለሙን ያያል፤ ቀይ ካየ ቀይ፣ አረንጓዴ ካየ አረንጓዴ ገዝቶ ይጨምራል። ቀለሙ ግን አምራቹ የጨመረበት ማቅለሚያ ነው፤ ስለ ዘይቱ ውፍረትም ሆነ ዘይቱ እንዳይፈስ ከሚይዙት ጎሚኒዎች ጋር ስለ መስማማቱ የሚነግረን ነገር የለም።

በመጀመሪያ መኪናው የመሪ ዘይት የሚጠቀም መሆኑ ይረጋገጥ። መሪያቸውን የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚያግዘው ብዙ አዳዲስ መኪኖች ዘይትም ማጠራቀሚያም የላቸውም። ዘይቱን በቺንጋ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገፉም አሉ፤ ስለዚህ ቺንጋ የሚያዞረው ፓምፕ ስላልታየ ብቻ «ዘይት የለውም» ማለት አይቻልም። ማጠራቀሚያውን ፈልጎ ያጣ ሰው የፍሬኑን ማጠራቀሚያ የመሪ ነው ብሎ እንዳይከፍት በጣም ይጠንቀቅ። የፍሬን ጎሚኒ የመሪ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ፍሬኑም ሊከዳ ይችላል።

የዘይቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ ከደበዘዘ ወይም ክዳኑ ከሌላ መኪና የመጣ ከመሰለ፣ ከመኪናው ጋር በሚመጣው መመሪያ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ የፈሳሾች ዓይነትና መጠን ሰንጠረዥ አለ። መጽሐፉም ከሌለ በሻንሲ ቁጥሩ መለዋወጫ አቅራቢን መጠየቅ ይቻላል። ክዳኑ «ኤቲኤፍ» ብቻ ካለ ግን ገና ግማሽ መልስ ነው። ኤቲኤፍ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የወል ስም በመሆኑ የትኛው ኤቲኤፍ እንደሆነ መለየት አለበት።

ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ዴክስሮን 2 ወይም ዴክስሮን 3 የተባለ ኤቲኤፍ ይጠይቃሉ። የዴክስሮን ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በ2005 እ.ኤ.አ. ዴክስሮን 6ን አውጥቶ የዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አቁሟል። ዛሬ ጠርሙስ ላይ «ለዴክስሮን 3 የሚሆን» የሚለው ጽሑፍ እንግዲህ የዘይቱ አምራች የራሱ ቃል ነው። ዴክስሮን 6 ደግሞ ቀጭን ነው፤ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውፍረቱ ከ6.4 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አይበልጥም፣ ዴክስሮን 3 ግን 7.5 አካባቢ ነበር። ለመሪ መዋሉን የመኪናው አምራች ካልፈቀደ ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ የተሻለ ነው ብሎ መውሰድ ስህተት ነው።

ሆንዳ የራሱን የመሪ ዘይት ነው የሚጠይቀው፤ ኤቲኤፍ እንዳይጨመርም ያስጠነቅቃል። ሀዩንዳይና ኪያ እንደ ሞዴሉ ፒኤስኤፍ 3 ወይም ፒኤስኤፍ 4 (ፒኤስኤፍ «የፓወር ስቲሪንግ ዘይት» ማለት ነው) ስለሚሉ ቁጥሩ መታየት አለበት። የቮልስዋገን ጂ 004 000 እና በብዙ የአውሮፓ መኪኖች የሚገባው ሲኤችኤፍ 11ኤስ የተባሉት የመሪ ዘይቶች አረንጓዴ ናቸው። የድሮዎቹ ባለ ሃይድሮሊክ ሲትሮኤኖች ዘይት ኤልኤችኤምም አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ዘይት ነው። ቢኤምደብሊው ላይ ደግሞ ክዳኑ በአንዱ ሞዴል ኤቲኤፍ፣ በሌላው ሲኤችኤፍ 11ኤስ ይላል። «ለሁሉም መኪና» የሚል ጠርሙስ ሲገጥምዎ ጀርባውን ያንብቡ፤ መኪናዎ የሚጠይቀው ስም እዚያ ካልተዘረዘረ ይተዉት።

የተሳሳተ ዘይት ጉዳቱ በዚያው ቀን ስለማይታይ ሰውን ያዘናጋል። ሲኤችኤፍ 11ኤስ በ40 ዲግሪ ሲለካ ውፍረቱ የኤቲኤፍን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ለኤቲኤፍ በተሠራ ያረጀ ፓምፕ ውስጥ ሲገባ በሳሱት ጎሚኒዎች በኩል ያመልጣል። ተገላቢጦሽ ኤቲኤፍ ለሲኤችኤፍ በተሠራው ውስጥ ሲገባ በብርድ ጠዋት ይወፍርና ፓምፑ ያለቅሳል። ከሁሉ የከፋው የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 ከግላይኮል የሚሠሩ በመሆናቸው የመሪውን ጎሚኒዎች ያለሰልሳሉ፣ ያሳብጣሉ። መፍሰሱ ቆይቶ ሲጀምር ባለመኪናው ጥፋቱን ከጨመረው ነገር ጋር አያገናኘውም፤ ፓምፕ ይቀይራል፣ አዲሱም ያፈሳል።

ስህተቱ ሞተር ሳይነሳ ከታወቀ በትልቅ ሲሪንጅ ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጎ በትክክለኛው መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሞተሩ ከተነሳ ግን ዘይቱ በቱቦዎቹና በመሪ ሳጥኑ ስለተሰራጨ ሙሉ ማጠብ ያስፈልጋል። በሲሪንጅ ደጋግሞ መምጠጥ ያረጀ ዘይትን ለማደስ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሥርዓቱ 1 ሊትር ይዞ ማጠራቀሚያው 0.3 ሊትር ከሆነ በአንድ ዙር የሚወጣው 30 በመቶ ብቻ ነው። ከ3 ዙር በኋላ 34 በመቶ፣ ከ5 ዙር በኋላም 17 በመቶ የሚሆነው አሮጌ ዘይት እዚያው አለ።

ለማጠብ የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው በማቆሚያ ይደገፉ። የመመለሻው ቱቦ (ወደ ፓምፑ የሚሄደው መምጠጫ ቱቦ ሳይሆን ከመሪ ሳጥኑ የሚመለሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠን ያለው ጎማ) ከማጠራቀሚያው ይነቀል፣ ቀዳዳው ይደፈን፣ ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ይግባ። ሞተሩ ሳይነሳ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ሲዞር አሮጌው ይወጣል። ሌላ ሰው ማጠራቀሚያው እንዳይደርቅ እየተከታተለ አዲሱን ይጨምራል፤ ከደረቀ አየር ይገባል። ብዙ አነስተኛ መኪኖች 1 ሊትር ገደማ ስለሚይዙ 2 ሊትር ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ጥርት ያለ ዘይት ሲመጣ ቱቦው ይመለሳል፣ መሪው ሞተሩ እንደጠፋ 15 ወይም 20 ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ ይዞራል፣ ከዚያ ብቻ ሞተሩ ይነሣል። ጥግ ላይ ይዞ ከ5 ሰከንድ በላይ መቆየት ፓምፑን ሊያቃጥል ይችላል። ዘይቱ አረፋ ካለው አየር አልወጣም፣ ወይም ከመምጠጫው ቱቦ ማሰሪያ አየር እየገባ ነው።

መጠኑ ሲለካ ዘይቱ ቀዝቃዛ ከሆነ የቀዝቃዛው፣ ከተነዳ በኋላ ከሆነ የሙቁ ምልክት ይታይ። ይህ ዘይት እንደ ነዳጅ አያልቅም፤ በየወሩ የሚጎድል ከሆነ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ከመሪ ሳጥኑ ዳርና ዳር ያሉት የላስቲክ ሽፋኖች ናቸው፤ ሲጨመቁ ውስጣቸው ዘይት ካለ የሳጥኑ ጎሚኒ ሄዷል።

ሥራው ካለቀ በኋላ የገባው ዘይት ሙሉ ስምና ቀኑ በማይለቅ ቀለም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ማጠራቀሚያው ላይ ይለጠፍ። ቀጥሎ ኮፈኑን የሚከፍተው ሰው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

ከአክብሮት ጋር