ፎቶው ላይ ያለው ሳር የለም

ይድረስ ለልጅነት ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆነች ብለሽ እንዳትደነግጪ። ደህና ነኝ፣ ቤተሰቡም ደህና ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። መጀመሪያ ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር። ከዚያ አፈርኩ። ያፈረ ሰው ደግሞ ስልክ አያነሳም። መጻፉ ይሻለኛል፤ በስልክ ከሆነ ገና ሄሎ ሳልል ነው የምትሰድቢኝ።

ሰሞኑን እህትሽ በፌስቡክ አገኘችኝ። ያንን ሳር ላይ ተቀምጬ የተነሳሁትን ፎቶ አሳጥበሽ ሳሎን ሰቅለሽዋል አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ "ገነት የገባችው ጓደኛዬ" እያልሽ ታሳያለሽ አሉ። አቦ! ይሄን ስሰማ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ሳሩ የለም። በገዛ እጄ ነቅዬ ጣልኩት።

ላስ ቬጋስን በቴሌቪዥን አይተሻታል፣ መብራቷን ማለቴ ነው። መብራቱ ሲያልቅ በረሃ ነው። የዓመቱ ዝናብ ተጠራቅሞ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በኮሮናው ጊዜ 240 ቀን በተከታታይ የረባ ጠብታ ሳይወርድ ቀረ። ስለ ወቅቱ ላወራሽ ስል ደግሞ አማርኛው ያስቸግረኛል። እዚህ "ሰመር" የሚሉት በኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። በወሩ ክረምት፣ በጠባዩ የለየለት በጋ። ልጄ "የክረምት እረፍት" ስላት ጃንጥላዬን ልያዝ ወይ ብላ ትቀልድብኛለች።

ድሬ ተወልጄ ሙቀት ይከብደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ገባ። በከተማዋ ታሪክ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። ከሥራ ወጥቼ የመኪናውን በር የከፈትኩት በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ነው። ቤት ገብቼ እጄን ልታጠብ ብል ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ያፈላል። አሁን ይሄን የምጽፍልሽ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውጭው ገና 34 ነው።

ከሙቀቱ ይልቅ ግን ድርቀቱ ነው ጉደኛው። የድሬ ሰው ላቡን ይጠርጋል። እዚህ ላቡ ሳይታይ ይተናል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል። ልብስ አስጥቼ ቡና ሳልጨርስ ይደርቃል። እንጀራውንስ! አንድ ቀን ስልክ ሳወራ ሳልከድነው ቆየሁ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ስመለስ ጠርዙ ተጠቅልሎ ድርቆሽ ሆኖ ጠበቀኝ። አሁን ቤቴ ውስጥ መሶብ ሳይከደን ያየሁ እንደሆነ ሰላም የለም።

ታዲያ በዚህ አገር ሳር እንዴት በቀለ ትይኛለሽ። በየቀኑ እያጠጣሁት ነዋ። የከተማዋ ውሃ ከመቶው ዘጠናው እጅ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ሐይቅ ሚድ ይባላል። ሁቨር ግድብ ሲሠራ የሞላ ሐይቅ ነው። በ2014 ሐምሌ ልጆቹን ይዘን ሄድን። በ1930ዎቹ (በፈረንጆቹ) ከሞላ ወዲህ እንደዚያ ዝቅ ያለበት ጊዜ የለም አሉን። ድሮ ውሃው የነበረበት ዓለት ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል። ልክ ጀበና ውስጥ ውሃ ሲፈላ ኖሮ እንደሚተወው ያለ። ባለቤቴ ዝም ብሎ አየና "የኛ ሳር እዚህ ውስጥ ነው ያለው" አለ። ለወትሮው ቁም ነገር የሚያወራ ሰው አይደለም።

በኋላ የሰማሁት ነገር ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። እዚህ ቤት ውስጥ የምትጠቀሚው ውሃ፣ የሻወሩም፣ የዕቃ ማጠቢያውም፣ የሽንት ቤቱም ሳይቀር፣ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ውጭ ያፈሰስሽውን ነው ፀሐይ የሚበላው። እኔ ስንት ዓመት ልጄ ሻወር ውስጥ ስትቆይ በር እየደበደብኩ እጮሃለሁ። በዚያው ሰዓት ውጭ ሳሩ ላይ ውሃው ሽር ሽር ይላል።

የውሃ ባለሥልጣኑ ሳር ለሚነቅል ሰው ገንዘብ ይከፍላል። አልቀለድኩም፣ በካሬ እየለካ ይከፍላል። መጀመሪያ ግን መጥተው ሳሩን ማየት አለባቸው፤ ቸኩለሽ ከነቀልሽ ቀረብሽ። ድንጋይ ብቻ መደርደርም አይቻልም። ተክሎቹ ሲያድጉ ግማሹን ቦታ መሸፈን አለባቸው፣ ውሃውም በጠብታ ነው። ለመኖሪያ ቤት ግዴታ አይደለም። በየመንገዱ ዳርና በየንግድ ቤቱ ፊት ለጌጥ የተተከለውን ሳር ግን ከ2026 (በፈረንጆቹ) መጨረሻ በኋላ በወንዙ ውሃ ማጠጣት በሕግ ተከልክሏል።

እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ዶማ ይዘን ወጣን። ሳሩን "ቤርሙዳ" ነው የሚሉት። ስሙ ያምራል አይደል? ጎንበስ ብዬ ሥሩን ስይዘው፣ ሰርዶ! ያው የኛው ሰርዶ! በዶላር ሰርዶ ሳጠጣ ኖሬልሻለሁ። ሥሩ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

ዶማው ከመንካቱ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። እዚህ ቄጤማ የለም። ብዙው ሰው ለበዓል የሚያነጥፈው የፕላስቲክ ነው። እኔ ግን በየእንቁጣጣሹና በየፋሲካው የምጎዘጉዘው ከዚሁ ሳር አጭጄ ነበር፤ አጭር ቢሆንም ሽታው አይጠላም። እና ለመጨረሻ ጊዜ አጨድኩትና በረንዳው ላይ ጎዘጎዝኩት። ጎረቤቶቹን ጠርቼ ቡና አፈላሁ። አቦሉን ስቀዳ አረንጓዴ ነበር። ሁለተኛው ላይ ጫፉ ነጣ። በረካው ሲደርስ እግራችንን ባንቀሳቀስን ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ድርቆሽ ሆኗል፤ የእንጀራው ሳይሆን የከብቱ። ሁላችንም ሳቅን፣ እኔ ግን ሳጫውታቸው የእናንተ ግቢ ነበር ዓይኔ ላይ። አሥር ሰዓት ሲሆን በጣሳ እየቀዳን መሬቱን ስንረጭ፣ አቧራው ሲያርፍ፣ ማታ ፍራሽ አውጥተን ኒሙ ስር ስንተኛ። አንድ ባልዲ ለግቢው ሁሉ ይበቃ ነበር።

ከቤታችን ኋላ የሲሚንቶ ቦይ አለ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ግን በደቂቃዎች ይሞላል። ልጆች እዚያ ውስጥ በብስክሌት ሲጫወቱ ሳይ እንደ እብድ እጮሃለሁ። ጎረቤቶቼ ሰማዩን ቀና ብለው ያዩና ደመና እንኳ የለም ይሉኛል። በ1998 ክረምት የድሬው ደቻቱ ወንዝ በዚያ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣም ዝናቡ ደጋ ላይ ነበር። ለአንቺ አላብራራም።

አሁን በሳሩ ቦታ ሮማን፣ በለስና እሬት ተክለናል። ሮማኑ ዘንድሮ ሦስት ፍሬ ያዘ። አንዱን ፀሐይ ሰነጠቀው፣ ወፍ ጨረሰው። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ እኔ ግቢ ብትመጣ ታዝናለች፤ ጠብታው ከሚወርድባት ቱቦ አጠገብ፣ ድንጋዮቹ መሃል፣ ሰርዶው ብቅ ብሏል። ባለቤቴ ይነቀል ይላል። እንቁጣጣሽ ይለፍ ብዬዋለሁ።

አዲስ ፎቶ ከዚህ ጋር አለልሽ። ድንጋይና በለስ ነው፣ ገነት አይመስልም። ከሰቀልሽው ከአሮጌው አጠገብ ስቀይው። እሁድ ጠዋት በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስድቡን እስከዚያ አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ።

ያንቺው፣
ከላስ ቬጋስ