አንቺ ኩሩ፣ እኔ ዝርክርክ

አንቺዬ፣

መቼም ስሜን ስታዪ "ይቺ ደግሞ ከየት ተገኘች" ማለትሽ አይቀርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁ፣ ምክንያት የለኝም፣ አጥፍቻለሁ በቃ፣ ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ።

የፃፍኩልሽ በልጄ ጉዳይ ነው። እሁድ ጎረቤቶቼ ቡና ሊጠጡ መጥተው፣ ያ የምታውቂው የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠው፣ ልጄን ሲኒ አቀብለኝ ብለው ንቅንቅ አላለም። "እኔ ሰባሪ ነኝ አይደል፣ ሌላ ሰው ያምጣ" አለኝ። ሳያኮርፍ እኮ ነው! ልክ ስሙን እንደሚናገር ሰው። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩና ጀበናው ላይ አቀረቀርኩ። አንዴ ነው የሰበረው፣ እሺ ሁለቴ፣ እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ "ሰባሪው መጣ" ስል ከረምኩ። ገና ሰባት ዓመቱ ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰበርክ ብለው ያለፈ ነገር ነው፣ ሰባሪ ስለው ግን ነገም እንዲሰብር ፈረድኩበት። ኮሌጅ የተማርነው የሳይኮሎጂስቱ የእነ ሮዘንታል ጥናት ትዝ ይልሻል? በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ለአስተማሪዎች "እነዚህ ልጆች ዘንድሮ ጉድ ያሰኛሉ" ተብሎ ስም ዝርዝር ተሰጥቷቸው፣ ስሞቹ ግን ዝም ብሎ በእጣ የወጡ፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት የእውነት በልጠው የተገኙበት። እስከዛሬ ይከራከሩበታል፣ ይከራከሩ። እኔ ለፈተና ሸምድጄ ስንት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ቤቴ ውስጥ አገኘሁት። የክፍሌን የኋላ ወንበር ልጆችማ ተያቸው፣ ስም ያላወጣሁለት የለም።

ሌላም አለ፣ ልበለው አልበለው... አዲሳባ ከገባሽ በኋላ ሁለቴ ደውዬ ስላላነሳሽ "ኮርታለች" ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ማዘር ታመው እንደነበር የሰማሁት በቀደም ነው፣ ሄርማታ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ እህትሽ ነገረችኝ፣ ቲማቲሙን እዛው ትቼው ሄድኩ። ከዛ ልደውል እልና ሳፍር "እኔ እኮ ዝርክርክ ነኝ፣ ሰው መጠየቅ አይሆንልኝም" እላለሁ። ምቹ ስም ነው በነገራችን ላይ፣ ምንም አያሰራሽም።

ትናንት ሲኒዎቹን አንድ በአንድ እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። በሁለት እጁ ይዞ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ እግሩን እያየ። ሶስተኛው ላይ ቄጠማው አዳለጠውና ጠርዙ ተሸረፈ። "ሰ..." ብዬ ዋጥኩት። ቀና ብሎ አየኝና "አራተኛውን ላምጣ?" አለ።

ቁጥርሽ ያው ከሆነ ዛሬ ማታ ከሶስት ሰዓት በኋላ እደውላለሁ። አንሺ ባክሽ።